ጋሽ አምጣው እጃቸውን የት ያድርጉት?

አምጣው የሌለበት ሰፈር ሰፈር አይባልም። የጣሳ ክዳን አልከፈት ብሎህ ስትታገል ከየት መጣ ሳይባል ከጀርባህ ብቅ ይላል፤ «አምጣው! እንደሱ አይደለም!» ብሎ ከእጅህ ይነጥቃል፤ ከፍቶም ቶሎ አይመልስልህም፣ አስቀድሞ እንዴት እንደከፈተው ሊተርክልህ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰው በየቤተሰቡ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየመንደሩ አንድ አንድ ተመድቧል። ምላስህን አውጥተህ ክር በመርፌ ዓይን ልታስገባ ስትል ይደርሳል። ሻንጣ ስትሸክፍ ይደርሳል። አንዱማ የማያውቀውን ሰው ሻይ ነጥቆ፣ አማስሎ፣ «እንዲህ ነው!» ብሎ ሲመልስለት በዓይኔ አይቻለሁ። ሻዩ ውስጥ ገና ስኳር አልገባም ነበር።

አምጣው ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ችግሩ ደግነቱ ነው። ሌላ ሰው ሲያቅተው ማየት አንጀቱ አይችልም፤ ሌላ ሰው ሲችል ማየት ደግሞ ጭራሽ አይሆንለትም።

የእኛ ሰፈር አምጣው፣ የመጋዝና የመላጊያ ሊቀ መንበር፣ የበርና የመስኮት የበላይ ጠባቂ፣ ክቡር ጋሽ አምጣው ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ እሱን የሚያስታውሱት ግን እናታቸው ብቻ ነበሩ፣ እሳቸውም ዐርፈዋል። የእንጨት ሥራ ቤታቸው እኔ ሻይ ከምጠጣበት ካፌ ፊት ለፊት ነው። በመሐላችን አንዲት ጠባብ መንገድ አለች። ሰፊው በራቸው ቀኑን ሙሉ ወለል ብሎ ስለሚውል፣ ለአንድ ሻይ ዋጋ ሙሉ ቲያትር አያለሁ።

ሙያቸውን በተመለከተ ቀልድ የለም። ጋሽ አምጣው የሰቀሉት በር እንደ ጨዋ ሰው ነው፤ ሲገባበትም ሲወጣበትም ድምፁ አይሰማም። «በር ስም ነው» ይላሉ። «ሰው ቤትህ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጨብጠው አንተን አይደለም፤ በርህን ነው።»

ሠራተኛ ቀጥረው አያውቁም ማለት አይቻልም፤ ቀጥረዋል። ሠራተኛው ግን ሠርቶ አያውቅም። መጋዝ ሲያነሣ «አምጣው!»፣ ሙጫ ሲቀባ «አምጣው!»፣ ተስፋ ቆርጦ ወለል ሲጠርግ እንኳ «አምጣው፣ መጥረጊያ እንዲህ ነው የሚያዝ!» ይባላል። ምስኪኑ ወር ሙሉ እጁን አጣምሮ ቆሞ ይከርማል፤ ከዚያ «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ አንድም ቀን ሳይደክመኝ አኖሩኝ» ብሎ ይሄዳል። እሳቸው ብቻቸውን ይቀራሉ፣ ሥራው ይቆለላል። ለሠርጋቸው አልጋ ያዘዙ ሙሽሮች የበኩር ልጃቸውን አዝለው መጥተው የተረከቡበት ጊዜ አለ። አልጋው ግን ግሩም ነበር፤ ሁለተኛው ልጅ እስኪደርስ ድረስ አንዴም አልተንሿሿም ይባላል።

እንዲህ ሆኖ ሳለ የቀኝ ትከሻቸው አልነሣ አለ። ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ሲጠመጥም «አምጣው፣ ላላብህ!» ብለው ራሳቸው ጠመጠሙት። ሐኪሙም ትዕግሥተኛ ሰው ነበርና እስኪጨርሱ ጠብቆ፣ «ጋሼ፣ ይህ ትከሻ ዕድሜውን ሙሉ የሁለት ሰው ሥራ ሠርቷል» አላቸው። «ከእንግዲህ ሁለተኛውን ሰው ይፈልጉለት።»

ሁለተኛውን ሰው የፈለጉት ባለቤታቸው እትዬ ናቸው። እትዬ ወሬ አያልፋቸውም። መንግሥት ለአሠሪዎች ድጋፍ የሚሰጥበት የትብብር ሥልጠና የሚባል ነገር መጥቷል ሲባል ሰሙ፤ በማግስቱ ከቢሮ አንድ ባለሙያ ይዘው ከተፍ አሉ። ሰውየው ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ «በመመሪያው መሠረት» ብሎ ስለሚጀምር፣ ሻዩን ሳይጨርስ የካፌው አስተናጋጅ «አቶ መመሪያ» የሚል ስም አወጣለት።

«በመመሪያው መሠረት፣» አለ አቶ መመሪያ፣ «እርስዎ አንድ ሰው ይቀጥራሉ። ያ ሰው አራት ቀን እዚህ እየሠራ ይማራል፤ ዓርብ ዓርብ ኮሌጅ ገብቶ ትምህርቱን ይከታተላል። መንግሥት ከደመወዙ ከፊሉን ይሸፍናል፣ የኮሌጁንም ይከፍላል።»

ጋሽ አምጣው ተቆጡ። «ለማስተማር ሊከፍለኝ? እኔ እኮ ሳይከፈለኝ ሰፈሩን ሁሉ አስተምራለሁ!»

«አንተ ማንን አስተምረህ ታውቃለህ?» አሉ እትዬ። «መንጠቅ ነው የምታውቀው! አርባ ዓመት አብሬህ ስኖር አንድ ጠርሙስ ከፍቼ አላውቅም!»

እንዲህ ነው እመት ፈረቃ የተቀጠረችው። እሷንም የሰየማት ያው አስተናጋጅ ነው። አራት ቀን በሥራ ካፖርት፣ ዓርብ ደብተር በታጨቀበት ቦርሳ፣ ማታ ማታ ልጆቿን በግራና በቀኝ ይዛ በካፌው ደጅ ታልፋለች፤ አንዱን ፈረቃ ሳትጨርስ ሌላው ይጀምርባታል። ቀድሞ በአንድ ፋብሪካ ጫማ ሰፊ ነበረች። ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ደጅ ያልጠናችበት መሥሪያ ቤት አልነበረም። ሠላሳውን አልፋ ሁለት ልጆች ብታሳድግም ለጋሽ አምጣው «አንቺ ልጅ» ነበረች። ለእሳቸው ከመላጊያቸው በዕድሜ ያነሰ ሁሉ ልጅ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ አቶ መመሪያ ለክትትል መጣ። ሥራ ቤቱን ዞሮ አየና ወደ እመት ፈረቃ ዘወር አለ።

«እስካሁን ምን ተማርሽ?»

እመት ፈረቃ ውሸት አይሆንላትም። «ማቀበል» አለች።

«ምን ማቀበል?»

«ሁሉንም። መሮ ሲፈልጉ ሳይጠሩት አቀብላለሁ። መዶሻ ሊያምራቸው ሲል ከፊታቸው አውቃለሁ።»

ጋሽ አምጣው ደረታቸውን ነፉ። «ጎበዝ ናት! እንደሷ ያለ አቀባይ ገጥሞኝ አያውቅም!»

አቶ መመሪያ ብዕሩን ዘጋ። ከዚያን ቀን በፊትም በኋላም ሰምተነው በማናውቀው ድምፅ፣ መመሪያም ሳይጠራ ተናገረ። «ጋሼ፣ ድጋፉ የሚሰጠው እሷ እንድትሠራ ነው፤ እርስዎን እያየች እንድትደነቅ አይደለም። በመጨረሻ ምዘና አለ። እዚሁ፣ እርስዎ ቤት፣ አንድ በር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻዋን ሠርታ ትሰቅላለች። እርስዎ ጣትዎን ካሳረፉ ወይም አንዲት ቃል ከተነፈሱ ወደቀች። ከወደቀች ድጋፉ ይቆማል። እሷም ወደ ቤቷ፣ ልጆቿም ወደ... እኔ እንጃ። እርስዎም ወደዚያው ትከሻዎ።»

እመት ፈረቃ ያን ጊዜ የያዘችውን መሮ ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የሚቀበላት ሰው በመጥፋቱ ይመስለኛል። ጋሽ አምጣውን አየኋቸው፤ ፊታቸው ሙጫ እንደጠጣ እንጨት ደርቋል።

እነሆም ክቡርነታቸው በስተርጅና ተማሪ ቤት ገቡ። ኮሌጁ ለአሠሪዎች «እንዴት ማስተማር ይቻላል» የሚል አጭር ሥልጠና ነበረው። መምህርቷ ድምፀ ለስላሳ፣ ቁመተ አጭር ሴት ናት። ጀርባዋን ሰጥታ ሰሌዳው ላይ መጻፍ ስትጀምር ጋሽ አምጣው ተነሥተው ጠመኔውን «አምጪው፣ መስመሩ ተጣመመብሽ!» ብለው ነጠቋት። እሷ አልተቆጣችም። አመሰገነቻቸው፣ ጠመኔውን አስመለሰች፤ ወዲያው የቤት ሥራ ሳይሆን የቁም ሥራ ሰጠቻቸው። አጠገባቸው ለተቀመጠው የጋራዥ ባለቤት፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ በአፍ ብቻ የጫማ ክር ማሰር ያስተምሩ!

ታሪኩን የነገረኝ ራሱ የጋራዡ ባለቤት ነው። «የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በሰላም ጨረሱ» አለኝ። «ሁለተኛው ላይ ድምፃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሦስተኛው ላይ አላየኋቸውም፤ ወለሉ ላይ ተንበርክከው ነበር።» ክሩን አጥብቀው ከማሰራቸው የተነሣ ሰውየው የዚያን ቀን ጫማውን ሳያወልቅ ነው የተኛው፣ እንደ እሱ አባባል።

መምህርቷ ጎንበስ ብላ ጫማውን አየች። «በጣም ጥሩ አስረዋል ጋሼ። አሁን እሱ ምን ተማረ?»

ጋሽ አምጣው አሰቡ። አሰቡና፣ «ጫማው መታሰሩን» አሉ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ያን ቀን ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በካፌው ደጅ አለፉ፤ የአስተናጋጁን ጠረጴዛ ማጽጃ ጨርቅ እንኳ አልነጠቁም።

ልምምዱ ቤት ውስጥ ተጀመረ። እትዬ ሽንኩርት ይከትፋሉ፤ ጋሽ አምጣው እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው በአፍ ብቻ ይመራሉ። «አርባ ዓመት ስከትፍ የኖርኩትን ሽንኩርት!» ይላሉ እትዬ፣ ግን ለሙያ ሲሉ ቻሉት። ሽንኩርቱ ያላስለቀሳቸውን ባላቸው አስለቀሷቸው። በዚያ ሰሞን ኪሱ ያልተቀደደ ሱሪ አልቀረም። ኪስ አልበቃ ሲል እጃቸውን ብብታቸው ሥር ወሸቁት። ብብትም አልበቃ ሲል ወደ ኋላ አድርገው አንዱን እጅ በሌላው ያዙት፤ ይኼኛው ያዘላቸው። ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ሳየው ግን እንደ እስረኛና እንደ ፖሊስ ነበር፣ ሁለቱም እሳቸው።

እመት ፈረቃም መሥራት ጀመረች። የመጀመሪያዋን በርጩማ ከመቁረጥ እስከ መቀባት ብቻዋን ጨረሰች። አንድ እግሯ ታጥራለች። ጋሽ አምጣው ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ዞረው ዞረው አዩዋትና፣ «ቆማለች» አሉ። ከዚያ ደንበኛ እንዳያያት ፈጥነው ለካፌው በስጦታ ሰጧት። እኔ ድርሻዬ ሆና እሷ ላይ ነው የምቀመጠው። አስተናጋጁ «ሰካራሟ» ይላታል፤ ሻይ ይዘህ ስትቀመጥባት አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ታንገዳግድሃለች።

ከበርጩማ ወደ ሣጥን፣ ከሣጥን ወደ መስኮት እያለች አደገች። ኮሌጅ የሚያስተምሯትን ልኬትና ሥዕል ሥራ ቤት ታመጣለች፣ ሥራ ቤት ያየችውን ኮሌጅ ወስዳ ትጠይቃለች። አንዲት ቦታ ላይ ግን ነገሩ ሁሉ ይቆማል። በር ላይ። በሩን ከመቃኑ ጋር የሚያያይዘው ማጠፊያ አለ አይደል? እሱ የሚቀመጥበትን ቦታ በመሮ መፈልፈል ያስፈልጋል። ትንሽ ከጠለቀ በሩ ያነክሳል፣ ትንሽ ከሳሳ አይገጥምም። እመት ፈረቃ ለኮሌጁ ልምምድ በቁራጭ እንጨት ላይ ዓርብ ዓርብ ትፈለፍለዋለች፤ መምህርቷም አሳምራ ነው የምትሠራው ትላለች። ሥራ ቤት ውስጥ ግን መሮውን ገና ስታስጠጋ የጋሽ አምጣው እስረኛ እጅ ከፖሊሱ ያመልጣል። «አምጪው!» ይላሉ። «በር ስም ነው!» እሷም ትሰጣለች። ቆይታ ቆይታ እሳቸው ሳይናገሩም መስጠት ለመደች፤ እዚያች ቦታ ስትደርስ እጇ መሮውን ይዞ ራሱ ወደ ጎን ይዘረጋል።

ይህን አይተው ካልደነገጡት ውስጥ አንዱ እኔ ነኝ። ቲያትሩ ጥሞኝ ነበር።

የምዘናው ቀን ደረሰ። መዛኟ ያችው ድምፀ ለስላሳ መምህርት ናት፤ ዛሬ ግን አትስቅም። አቶ መመሪያም ጥግ ይዞ ቆሟል። እትዬ ባላቸውን በክንዳቸው እየመሩ መንገዱን አሻግረው አጠገቤ አስቀመጧቸው።

«አደራ» አሉኝ። «ከዚህ ከተነሣ አንተን ነው የማውቀው።»

«እትዬ፣ እኔ እሳቸውን በምን ጉልበቴ...»

«በወሬ ያዘው! በወሬ ማን ይችልሃል!»

በወሬ ያዝኳቸው። የሚሰማኝ ግን አልነበረም። ክቡርነታቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ሥር ቀብረው፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ማዶ ተክለው፣ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። «ለካች... ጎበዝ... ደግማ ለካች... ተባረኪ... መጋዙን ቀና፣ ቀና፣ ቀና...» አስተናጋጁ ሻይ አቀረበ፤ አላዩትም። የሰው ሻይ ዝንብ ገባበት፤ ያንንም አላዩም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባኝ።

ረፋዱ ላይ በሩ ተገጣጥሞ ቆመ። ያምራል። የቀረው ማጠፊያው ነው። እመት ፈረቃ በእርሳስ ምልክት አደረገች። መሮውን አነሣች። አስጠጋች።

ከዚያም እጇ መሮውን ይዞ ወደ ጎን ተዘረጋ።

ማንም አልተቀበለውም። እሷ ግን ዓይኗን ከምልክቱ ሳታነሣ ትጠብቃለች። እጇ አየር ላይ ነው። መምህርቷ አየች፤ መናገር አትችልም። አቶ መመሪያ አየ፤ ለዚህ የሚሆን መመሪያ የለውም። ወደ ሥራ ቤቱ የተመለሱት እትዬ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ።

አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ሆነ።

ጋሽ አምጣው መንገዱ መሐል ደርሰው ነበር። ልነሣ ስል ሰካራሟ አንገዳግዳ መለሰችኝ። «አለቀላት» አልኩ በልቤ። አንድ እርምጃ፣ አንዲት «አምጪው»፣ የዓመቱ ልፋት ሁሉ እዚያው ላይ ሊያበቃ ነው።

ክቡርነታቸው መንገዱ መሐል ቆሙ። ቀጥ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ሥራ ቤቱ አድርገው፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው አንዱን በሌላው ያዙ። ቃል አልተነፈሱም። መኪና ከግራም ከቀኝም ተደረደረ፤ ጥሩምባው ሰፈሩን አናወጠው። አንድ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ «አባባ፣ መንገድ ላይ ምን ያቆምዎታል?» ብሎ ጮኸ።

«ፈተና ላይ ናቸው!» ብዬ ጮህኩ።

እመት ፈረቃ ከጥሩምባው ብዛት ቀና አለች። ጋሼን አየቻቸው፤ በመኪና ተከበው፣ እጃቸውን አስረው ቆመዋል። የተዘረጋ እጇን አየች። መሮውን አየች። የማን እንደሆነ ገና አሁን ያወቀች ይመስል ወደ ደረቷ መለሰችው። ከዚያ ጎንበስ አለች።

ክቡርነታቸው እስክትጨርስ ድረስ ከዚያ አልተነቃነቁም። ሾፌሮቹም መሳደብ ሰልችቷቸው ወርደው አብረው ማየት ጀመሩ። በሩ ሲሰቀል መምህርቷ በአንዲት ጣቷ ገፋ አደረገችው። ሄደ። ተመለሰ። ዘጋ። ድምፁ አልተሰማም፤ የሰማነው የሾፌሮቹን ጭብጨባ ነው።

«ጋሼ፣ አሁን መግባት ይችላሉ» አለች መምህርቷ፤ ያን ጊዜ ነው ፈገግ ያለችው።

ገቡ። አውራ ጣታቸውን በማጠፊያው ዳር ዳር ላይ ቀስ ብለው አስኬዱ። «ትንሽ...» ብለው ጀመሩ። እትዬ አዩዋቸው። የጀመሩትን ዋጡና ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ይዘጋል» አሉ።

በእኛ ሰፈር ከዚህ በላይ ሜዳልያ የለም። እመት ፈረቃ ፊቷን በካፖርቷ ሸፈነች፤ መሮውን ግን አልለቀቀችም።

አሁን ሥራ ቤቱን የምትመራው እሷ ናት። ጋሽ አምጣው ጥግ ላይ ተቀምጠው በአፍ ያስተምራሉ፤ ትከሻቸውም ዐርፏል። ሰፈሩም ዐርፏል፣ ማንም አይነጠቅም። እኔ ግን ደህና አይደለሁም። በቀደም ለት ጣሳ ለመክፈት ብዙ ስታገል በየመሐሉ ወደ ኋላዬ እዞር ነበር፤ ማንም አልመጣም። ጣሳውን ከነክዳኑ መልሼ አስቀመጥኩት።

ትናንት የሰካራሟ እግር ጭራሽ ወለቀ። ይዣት መንገዱን ተሻገርኩና ጋሽ አምጣው ፊት አቆምኳት። እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ።

«መዶሻው ያውልህ። አንተው ምታት።»

«እኔ?»

«ይቻልሃል።»

መታሁ፤ አውራ ጣቴን። ደግሜ መታሁ፤ ያንኑ ጣት። «ኧረ ጋሼ በፈጣሪ! አምጣው ይበሉኝ!»

«እንደሱ ተብሎ አይማርም ልጄ።» ቀዝቀዝ ያሉ ምሁር ሆነዋል። «አያያዝህን ዝቅ አድርግ።»

ዝቅ አደረግሁ። ሦስተኛውን ልሰነዝር ስል ከጀርባዬ አንድ ድምፅ መጣ።

«አምጣው! እንደሱ አይደለም!»

መዶሻው ከእጄ በነነ። እመት ፈረቃ በርጩማዋን ገልብጣ ምስማር በጥርሷ ይዛለች። ከልቤ ደስ አለኝ፤ ጠፍቶ ቆይቶ ወላጁን እንዳገኘ ልጅ።

«አንቺ ልጅ፣ ተይው ይማር እንጂ!» አሉ ጋሽ አምጣው።

«ጋሼ፣ ይኼ ደንበኛ ነው፤ ሠልጣኝ አይደለም!»

ጋሽ አምጣው ወደ እኔ ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከማን እንደተማረችው እኔ እንጃ!» አሉኝ በጣም አዝነው። እሷ ምስማሩን አስጠግታ መምታት ጀመረች። እኔ ጣቴን እየጠባሁ ዞር ስል የክቡርነታቸውን ጀርባ አየሁ። አንዱ እጅ ሌላውን ጥብቅ አድርጎ ይዞታል፤ የተያዘው እጅ ግን የሌለ መዶሻ ጨብጦ ከእሷ ጋር እኩል አየሩን ይመታል። ምስማሩ ገብቶ ሲያልቅ እሳቸውም አቆሙ።